የሰሜን ሸዋ ተራሮች ድሮ ስንት ሜትር ነበሩ? በአይሶቶፕ የጥንት ከፍታ አሰላል

ደብረ ብርሃን ዛሬ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ነው። ሸዋ ሮቢት ደግሞ 1,300 አይሞላም። በመካከላቸው ያለው የጣርማ በር ገደል መቼ እንዲህ ሆነ? አምባውን የሠራው ባዛልት (የላቫ ድንጋይ) መፍሰስ የጀመረው ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት እንደሆነ ይታወቃል። ከፍታው ግን ሌላ ጥያቄ ነው። አንዱ ወገን አምባው ከ25 ሚሊዮን ዓመት በፊት ጀምሮ ከፍ ብሎ ነበር ይላል። ሌላው ደግሞ የለም፣ ትልቁ መነሳት የመጣው በመጨረሻዎቹ 10 ሚሊዮን ዓመታት ነው ባይ ነው። የሁለቱም ዋና ማስረጃ የአባይ ወንዝ ሸለቆውን መቼና ምን ያህል ቆፈረ የሚለው ነው። እዚህ የምናየው ሌላ መንገድ ነው። ዝናቡን እንጠይቃለን።

መመሪያው በዋናነት ለጂኦሎጂ ተማሪና ለመምህር ነው፤ ግን ዶማ ይዞ ገደል መውረድ የማይሰለቸው ሰው ሁሉ ግማሹን ሥራ ሊሠራው ይችላል።

ነገሩ የሚጀምረው ከደመና ነው

ኦክስጅን ሁሉ እኩል አይመዝንም። አብዛኛው ኦክስጅን-16 ነው። ከ500 አንዱ ገደማ ግን ሁለት ኒውትሮን ይጨምርና ኦክስጅን-18 ይሆናል። እንዲህ በክብደት ብቻ የሚለያዩ ወንድማማቾች አይሶቶፕ ይባላሉ። ሁለቱም የተረጋጉ ናቸው፤ እንደ ካርቦን-14 እየፈረሱ አያልቁም። ሃይድሮጅንም ከባድ ወንድም አለው። ዲዩቴሪየም ይባላል፤ እሱ ከ6,400 አንድ ቢገኝ ነው።

እርጥብ አየር ተራራ ሲገጥመው ወደ ላይ ይወጣል፣ ይቀዘቅዛል፣ ይዘንባል። ከባዱ ውሃ ወደ ፈሳሽነት ስለሚያደላ ቀድሞ ይወርዳል፤ ዳገት የሚወጣ ጭነተኛ ከባዱን አስቀድሞ እንደሚጥለው ማለት ነው። ስለዚህ አፋፉ ላይ የሚዘንበው ዝናብ ከቆላው ይልቅ በኦክስጅን-18 የደኸየ ይሆናል። ያ ውሃ መሬት ውስጥ ሰርጎ ሸክላ ወይም ኖራ ሲሠራ ምልክቱን ማዕድኑ ውስጥ ይተዋል። ማዕድኑ ኋላ ላይ ሙቅ ውሃ ካልነካካው፣ ምልክቱ ለሚሊዮን ዓመታት እዚያው ይቆያል።

ልዩነቱ የሚጻፈው ዴልታ በሚባል ቁጥር ነው። ናሙናው ከአንድ መነሻ ከሺህ ስንት እጅ ይለያል ማለት ነው፤ አሃዱ ፐርሚል ይባላል። ለውሃ መነሻው የውቅያኖስ ውሃ፣ ማለትም ቪ-ስሞው፣ ነው። ለኖራ ቪፒዲቢ የሚባል ሌላ መነሻ አለ። ሁለቱን ያደባለቀ ሰው የ30 ፐርሚል ስህተት ይዞ ነው የሚመጣው፤ ስለዚህ ማስታወሻችሁ ላይ ከእያንዳንዱ ቁጥር ጎን መነሻውን ጻፉ።

በዓለም አማካይ፣ በየ100 ሜትር ከፍታ የዝናቡ ኦክስጅን-18 ወደ 0.28 ፐርሚል ይቀንሳል። አሁን ዋናውን ነገር ልንገራችሁ። ይህን ቁጥር ሸዋ ላይ እንዳትጠቀሙበት።

ለምን? የእኛ ዝናብ ባሕርይው ለየት ይላል። አዲስ አበባ ላይ ዝናብ ለአይሶቶፕ መለካት የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ነው። ከዚያ ወዲህ የሚታየው፣ የከተማዋ ዝናብ ከ2,300 ሜትር በላይ ለሆነ ቦታ ከሚጠበቀው እጅግ በኦክስጅን-18 የበለጸገ መሆኑ ነው። ከፍታ ሲጨምር የሚታየው ቅናሽም እዚህ ደካማ ነው፤ በኢትዮጵያ አምባ ላይ የተለካው በየ100 ሜትር ወደ 0.1 ፐርሚል የሚጠጋ ነው። የዓለም አማካዩን ቁጥር ገልብጦ ማምጣት ተራራውን ከሁለት እጥፍ በላይ ያሳጥረዋል። ታች በስሌቱ ላይ ታዩታላችሁ።

1. መጀመሪያ የዛሬውን ውሃ ለኩ

ብዙ ሰው ቀጥታ ወደ ድንጋዩ ይሮጣል። የእኔ ምክር ግልባጩ ነው። የመጀመሪያውን ብር ለውሃ አውጡት፤ ርካሽም እሱ ነው። ውሃ የሚለካ የሌዘር መሣሪያ ከሌላው ሁሉ በተሻለ በቀላሉ ይገኛል።

ሰሜን ሸዋ ለዚህ የተመቸ ነው። ከሸዋ ሮቢት ተነሥታችሁ በአርማንያ አድርጋችሁ ደብረ ሲና፣ ከዚያ ጣርማ በር፣ ከዚያ ደብረ ብርሃን። አንድ አስፋልት ላይ ከቆላ እስከ ውርጭ አፋፍ ትወጣላችሁ። ሁለተኛ መስመር ከፈለጋችሁ ከአልዩ አምባ ወደ አንኮበር ያለው ዳገት አለ። በየ150 ወይም 200 ሜትር ከፍታ ልዩነት አንድ ናሙና ውሰዱ።

የምትፈልጉት ትንሽ ምንጭ ነው። ውሃው የተሰበሰበው እዚያው አካባቢ መሆን አለበት። ትልቅ ወንዝ አይሆንም፤ ከላይ ከሩቅ የመጣ ውሃ ይቀላቅላል። ኩሬና ግድብ አይሆንም፤ ፀሐይ ሲያተነው ቀላሉ ውሃ ይሄድና ከባዱ ይቀራል። ፍል ውሃም አይሆንም። ምንጩ ጠበል ከሆነ መጀመሪያ ጠበሉን የሚጠብቁትን አባት አስፈቅዱ፤ ጫማችሁን አውልቁ፣ ወደ ምንጩ ዓይን ጠርሙስ አትንከሩ፣ ከሚወርደው ላይ ቅዱ። ፈቃድ ካልተሰጠ ሌላ ምንጭ አይጠፋም።

ጠርሙሱ ትንሽ ይሁን፤ 30 ሚሊ ሊትር ይበቃል። ክዳኑ ጥብቅ መሆን አለበት። በራሱ በምንጩ ውሃ ሁለት ሦስት ጊዜ አለቅልቁት፣ ከዚያ እስከ አፉ ሙሉትና የአየር አረፋ ሳታስቀሩ ዝጉት። አረፋ ካለ ውሃው ወደ አረፋው ይተናል፣ ቁጥሩ ይበላሻል። አሲድ አትጨምሩ። ቀን፣ ከፍታ፣ የጂፒኤስ ነጥብ፣ የውሃው ሙቀት ይጻፍ። የጂፒኤስ ከፍታ ገደል አጠገብ ስለሚዋዥቅ ከካርታ ጋር አመሳክሩት።

ሁለት ጊዜ ሂዱ። አንዴ ከበልግ በኋላ፣ ግንቦት አካባቢ። አንዴ ክረምቱ ሲወጣ፣ በመስከረም መጨረሻ ወይም ጥቅምት ላይ። መንዝና አንኮበር የበልግ አገር ናቸው፤ የበልጉ እርጥበት በዋናነት ከሕንድ ውቅያኖስ በኩል ይመጣል፣ የክረምቱ ደግሞ መንገዱ ሌላ ነው። ሁለቱ ዝናቦች በአይሶቶፕ አይመሳሰሉም። ጣርማ በር ላይ ደግሞ ጉሙ አለ። ዋሻው አፍ ላይ የቆመ ሰው ያውቀዋል፤ ጠዋት ከደብረ ሲና በኩል ተነሥቶ ይመጣና በደቂቃ ውስጥ ፊት ለፊት ያለውን መኪና ይውጠዋል። ጉም ገና ብዙ ያልዘነበ እርጥበት ስለሆነ በከባድ አይሶቶፕ የበለጸገ ነው። ቅጠል ላይ ጤዛ ሆኖ ወደ አፈር የሚንጠባጠበው እሱ ከሆነ፣ አፋፉ ላይ ያለው ምንጭ ከጠበቃችሁት ከፍ ያለ ቁጥር ቢሰጣችሁ አትደንግጡ።

ውጤቱ ሲመጣ ሁለቱንም፣ ኦክስጅኑንና ሃይድሮጅኑን፣ በአንድ ግራፍ ላይ አስቀምጡ። በዓለም ላይ ያለ የዝናብ ውሃ በአማካይ አንድ መስመር ይይዛል፤ የሃይድሮጅን ዴልታ የኦክስጅኑ 8 እጥፍ ሲደመር 10። ከዚህ መስመር በታች ወደ ቀኝ ያፈነገጠ ናሙና የተነነ ነው፤ አውጡት። የቀሩትን በከፍታ ላይ ዘርግታችሁ የመስመሩን ቁልቁለት፣ ማለትም በየ100 ሜትር የሚታየውን ቅናሽ፣ አስሉ። ይህ የእናንተ ቀመር ነው።

2. የትኛው ድንጋይ?

ዘዴው ብዙ ዓይነት ማዕድን ይቀበላል። ካናዳና አሜሪካ ውስጥ በጥልቅ ስንጥቅ ላይ የተፈጠረ ሙስኮቫይት የሚባል ማዕድን የተጠቀሙ አሉ። ካሊፎርኒያ ሲየራ ኔቫዳ ላይ ደግሞ ከ40 እስከ 50 ሚሊዮን ዓመት ዕድሜ ባለው የወንዝ ጠጠር ውስጥ ያለን ካኦሊናይት የሚባል የሸክላ ማዕድን ለክተው ተራራው ያኔም ቢያንስ 2,200 ሜትር ነበር ብለዋል። ለእኛ የሚሆኑት ሦስት ናቸው።

ሸክላ። በባዛልት ንብርብሮች መካከል ቀይ ቀበቶ አይታችሁ ይሆናል፤ መንገድ የተቆረጠበት ቦታ ሁሉ ጎልቶ ይታያል። ያ የጥንት አፈር ነው። አንዱ ላቫ ፈስሶ ቀዝቅዟል፣ ዝናብ በልቶት አፈር ሆኗል፣ ከዚያ ሌላ ላቫ መጥቶ ሸፍኖታል። ውስጡ ያለው ካኦሊናይትና ስሜክታይት የተሠራው በዚያ ዘመን ዝናብ ነው። ግን የላይኛውን ክፍል ተዉት። ላቫው ጠብሶታል። ቀለሙ ጡብ የመሰለውንና ሲነካ የሚጠነክረውን አልፋችሁ ከታች ያለውን ለስላሳውን ውሰዱ።

የእሳተ ገሞራ መስታወት። በትክክል ከተናገርን ማዕድን አይደለም፤ ግን ለአምባችን ምርጡ ይመስለኛል። አመዱ ከወደቀ በኋላ መስታወቱ በጥቂት ሺህ ዓመታት ውስጥ የአካባቢውን ውሃ ይጠጣል፣ ከዚያ ይዘጋል። ዕድሜውንም በዚያው ንብርብር ካለው ክሪስታል ማግኘት ይቻላል። ደብረ ብርሃን አቅራቢያ የሙሽ ሸለቆ አለ፤ ወደ 21.7 ሚሊዮን ዓመት ዕድሜ ያለው የሐይቅ ደለል ነው፣ የቅጠል ቅሪቶቹ በዓለም የታወቁ ናቸው። እንዲህ ያለ ዕድሜው በደንብ የተለካ ደለል ከተራ ገደል ይበልጣል። ግን ቅሪተ አካል ያለበት ቦታ በመሆኑ ያለ ቅርስ ፈቃድ መዶሻ እንዳታነሡ።

የአፈር ኖራ። ነጫጭ ጠጠር የመሰለው። ይህ የሚሠራው ደረቅ በሆነ አገር ነው፤ እርጥብ ደጋ ላይ ዝናቡ አጥቦ ስለሚወስደው ብዙ አይገኝም። በቀወትና በአዋሽ በኩል ባለው ቆላ ላይ መፈለግ ይሻላል። ለዝቅተኛው ቦታ ማነጻጸሪያ የሚሆናችሁም እሱ ነው።

ሁለት ወጥመዶች አሉ። በባዛልት ቀዳዳዎች ውስጥ የሚያብለጨልጭ ነጭ ካልሳይት (የኖራ ማዕድን) ታያላችሁ፤ ያምራል፣ ለመሰብሰብም ይመቻል። ከሙቅ ውሃ የተሠራ ሊሆን ስለሚችል ተዉት። ሌላው የጀማ ሸለቆ ነው። ወደ ጀማ የወረደ ሰው ከባዛልቱ ስር ወፍራም የኖራ ድንጋይ ያገኛል። ያ ባሕር ውስጥ የተሠራ፣ የጁራሲክ ዘመን ድንጋይ ነው። ስለ ተራራ የሚነግራችሁ ነገር የለም። ይባስ ብሎ ፍርፋሪው በወንዝ ተጉዞ ወጣት ደለል ውስጥ ሊገባና የእናንተን ናሙና ሊበክል ይችላል።

3. አቆፋፈር

ከመቆፈር በፊት ደብዳቤ። ከዩኒቨርሲቲያችሁ ወደ ወረዳ፣ ከወረዳ ወደ ቀበሌ፣ ከዚያ ባለመሬቱን ገበሬ በአካል። ደብዳቤ ስላላችሁ ብቻ ሰው ማሳ ውስጥ አይገባም። ምን እንደምትፈልጉ በግልጽ ንገሩ፤ ወርቅ ፍለጋ የመጣችሁ ከመሰላቸው ሥራው አያልቅም። ናሙና ወደ ውጭ አገር የሚላክ ከሆነ የመላኪያ ፈቃዱን ከመስክ በፊት ጀምሩ።

ገደሉ ላይ ፊት ለፊት የሚታየውን አትውሰዱ። ፀሐይና የዛሬ ዝናብ ነክቶታል። በዶማ ቢያንስ ግማሽ ሜትር ወደ ውስጥ ግቡ፣ ትኩስ ፊት እስክታዩ። የጥንቱን አፈር የላይኛ ጠርዝ ለዩና ከዚያ ከ50 ሴንቲ ሜትር በታች ያለውን ኖራ ውሰዱ፤ ከዚያ በላይ ያለው በትነት የተዛባ ነው። ሥር የገባበት ስንጥቅ ካለ የዛሬ ኖራ ሊሆን ስለሚችል እለፉት። ከአንድ ንብርብር አንድ ናሙና ብቻ ይዞ መመለስ ጉዞውን ማባከን ነው። ጎን ለጎን አራርቃችሁ አምስት ስድስት ውሰዱ።

4. ላብራቶሪ

ሸክላውን በውሃ በጥብጡና አስቀምጡት። በ20 ዲግሪ ሙቀት፣ ለ8 ሰዓት ያህል ከቆየ በኋላ ከላይ ባለው 10 ሴንቲ ሜትር ውሃ ውስጥ የሚቀረው ከ2 ማይክሮን በታች የሆነው ብቻ ነው። እሱን ቅዱ። አፈሩ በተፈጥሮ የሠራው ሸክላ በብዛት እዚያ ውስጥ ነው። የብረት ዝገቱንና የተክል ብስባሹን በኬሚካል አውጡ፣ በኤክስሬይ ዲፍራክሽን ምን ዓይነት ሸክላ እንደሆነ አረጋግጡ። ካኦሊናይትና ስሜክታይት የተቀላቀሉበት ቁጥር ትርጉም አይሰጥም። ለካኦሊናይት ሃይድሮጅን ውሃው ከማዕድኑ በ30 ፐርሚል ያህል ከፍ ይላል።

መስታወቱ ከ70 እስከ 150 ማይክሮን ባለው ወንፊት ይጣራል፣ በሃይድሮክሎሪክ አሲድ ይታጠባል፣ በመጨረሻም ላዩን ለመላጥ ለግማሽ ደቂቃ ያህል በደካማ ሃይድሮፍሎሪክ አሲድ ይነከራል። እዚህ ላይ ቀልድ የለም። ሃይድሮፍሎሪክ አሲድ ቆዳ ሰርስሮ አጥንት ድረስ ይገባል፣ ሕመሙም ዘግይቶ ሊመጣ ይችላል። የጭስ መሳቢያ፣ ትክክለኛ ጓንትና ካልሲየም ግሉኮኔት ቅባት ከሌለ ማንም አይንካው። ስሌቱ ቀላል ነው፤ በመስታወቱ የሃይድሮጅን ዴልታ ላይ 1000 ደምሩ፣ በ1.0343 አባዙ፣ 1000 ቀንሱ። መስታወቱ −75 ከሆነ ውሃው −43 ገደማ ነበር ማለት ነው። መስታወት በኋላ ከሌላ ውሃ ጋር ይቀያየራል የሚሉ ስላሉ፣ ከዚያው ንብርብር ሸክላም ለክታችሁ አስተያዩ።

ለኖራ ከባዱ ጥያቄ ሙቀቱ ነው። ካልሳይት ከውሃው የሚወስደው ኦክስጅን-18 እንደ ሙቀቱ ይለያያል፤ በአንድ ዲግሪ ወደ 0.2 ፐርሚል። ሙቀቱን ካላወቃችሁ ውሃውን አታውቁም። መፍትሔው ክላምፕድ አይሶቶፕ የሚባለው ነው። ካርቦን-13 እና ኦክስጅን-18 በአንድ ሞለኪውል ውስጥ ምን ያህል እንደተጣበቁ ይለካል፤ በቀዘቀዘ ቁጥር አብረው መሆናቸው ይጨምራል። በአንድ ልኬት ብዙ ሚሊ ግራም ይበላል፣ ቢያንስ ሦስት ጊዜ መደጋገም አለበት፣ ዋጋውም ይቆነጥጣል። ሌላ ጥቅምም አለው። ከ40 ዲግሪ በላይ ከሰጣችሁ ያ የአፈር ሙቀት ሊሆን አይችልም ማለት ይቻላል፤ ኖራው ኋላ ላይ እንደገና ተሠርቷል።

5. ስሌቱ፣ በምሳሌ

ቁጥሮቹ ለማሳያ የተፈጠሩ ናቸው። ከአምባው የተገኘ የአፈር ኖራ −6.0 በቪፒዲቢ፣ ሙቀቱ 22 ዲግሪ ይሁን።

መጀመሪያ መነሻውን ቀይሩ፤ በ1.03091 አባዝታችሁ 30.91 ደምሩ። 24.72 ይሆናል። ቀጥሎ ሙቀቱን ወደ ኬልቪን፤ 295.15። 18,030ን ለዚህ አካፍላችሁ 32.42 ስትቀንሱ 28.67 ታገኛላችሁ። ይህ ቁጥር የማካፈያው፣ ማለትም ኖራውና ውሃው ኦክስጅን-18ን የሚካፈሉበት ምጣኔ፣ ሎጋሪዝም በ1000 የተባዛ ነው፤ ስትፈቱት ማካፈያው 1.02908 ይሆናል። 1024.72ን ለእሱ አካፍሉ፣ 1000 ቀንሱ። የጥንቱ ውሃ −4.2 ፐርሚል ነበር።

አሁን ከአፋር በኩል፣ ያን ጊዜም ዝቅ ያለ እንደነበር ከምታምኑበት ቦታ፣ ተመሳሳይ ዕድሜ ያለው ናሙና ለጥንቱ ውሃ −2.0 ሰጠ እንበል። ልዩነቱ 2.2 ነው። ይህን ማነጻጸሪያ አትዝለሉት። በዚያ ዘመን የዝናቡ ምንጭ ወይም የዓለም ሙቀት የተለየ ቢሆን ሁለቱንም ቦታ አንድ ላይ ስለሚነካቸው፣ ልዩነቱ ብዙውን ያጣፋዋል።

2.2ን በዓለም አማካይ፣ በ0.28፣ ካካፈላችሁ የከፍታ ልዩነቱ 800 ሜትር ገደማ ይሆናል። በአምባችን 0.1 ካካፈላችሁ 2,200። አንድ ድንጋይ፣ አንድ ላብራቶሪ፣ ሁለት የማይገናኙ ተራሮች። የምንጭ ውሃ ቅዱ ያልኳችሁ ለዚህ ነው።

6. ስህተቱን ሳትሸፍኑ ጻፉ

ደካማ ቁልቁለት ያለው አገር ስህተትን ያጎላል። ሙቀቱን በ5 ዲግሪ ብትስቱ ውሃው በ1 ፐርሚል ይዛባል፤ በዓለም አማካይ ያ 360 ሜትር ገደማ ነው፣ እኛ ጋ 1,000 ሜትር። ስለዚህ ጽሑፋችሁ ላይ «2,200 ሜትር» ብላችሁ አትዝጉ። ከስንት እስከ ስንት እንደሆነ ጻፉ፤ የናሙናውን መበታተን፣ የሙቀቱን ስህተትና የቁልቁለቱን ስህተት ሁሉ ደምራችሁ።

የዛሬው ቁልቁለት ለድሮው ይሠራል ወይ የሚለውም አለ። የምድር አየር ሞቃት በነበረበት ዘመን ቁልቁለቱ ከዛሬው ያነሰ እንደሚሆን የአየር ንብረት ሞዴሎች ያሳያሉ። ስለዚህ በ0.1 ብቻ አትርኩ፤ ከዚያ ዝቅም ከፍም አድርጋችሁ አስሉና ሦስቱንም ውጤት በአንድ ሰንጠረዥ አሳዩ።

ከሌላ ማስረጃ ጋር ማጋጨትም ግዴታ ነው። ቲቤት ውስጥ ሉንፖላ የሚባል ተፋሰስ አለ። የአይሶቶፕ ጥናት ከ35 ሚሊዮን ዓመት በፊት ጀምሮ ከ4,000 ሜትር በላይ ነበር አለ። ኋላ እዚያው ከ25 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት የነበረ የዘንባባ ቅሪት ተገኘ፤ ዘንባባ ደግሞ ብርድ አይችልም፣ ስለዚህ ከፍታው ከ2,300 አይበልጥም ተባለ። ክርክሩ ከባድ ነው። እኛም የሙሽ ቅጠሎች አሉን፤ የቅጠል ቅርጽ ስለ ሙቀት ይናገራል፣ ሙቀት ደግሞ ስለ ከፍታ። አይሶቶፑ ውርጭ አገር ነው ሲል ቅጠሉ ሞቃት ጫካ ነው ካለ፣ መጀመሪያ የምትጠራጠሩት ቁልቁለታችሁን ይሁን፣ ቀጥሎ ማዕድኑን።

የተረፈውን ናሙና አትጣሉ። ግማሹን በደረቅ ከረጢት፣ በማይለቅ ቀለም፣ የንብርብሩን ቁጥርና የጂፒኤስ ነጥቡን ጽፋችሁ አስቀምጡ። ወረቀት ብቻ ከሆነ አይጥ ይበላዋል፤ አንዱን ጽሑፍ ከረጢቱ ላይ፣ ሌላውን በላስቲክ ጠቅልላችሁ ውስጡ ክተቱ።